ኦንላይን ትኬት መሸጫ ልትሰሩ ነው? ጣጣው ወንበሯን መያዙ ላይ ነው
ትኬት በኦንላይን መሸጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ቆንጆ ፔጅ ሰርቶ "ግዛ" የሚል በተን ማስቀመጥ ነው። በተኗማ የአንድ ቀን ስራ ናት፣ ጉዱ ያለው ከጀርባዋ ነው፣ ወንበሩን የሚያውቀው አንድ ሲስተም፣ ክፍያውን የሚቀበለው ሌላ፣ ኢሜይል የሚልከው ሌላ፣ በር ላይ ስካን የሚያደርገው ደሞ ሌላ። እነዚህ ሁሉ የሚነጋገሩት በኤፒአይ ነው፣ ማለትም አንዱ ፕሮግራም ሌላውን በሚጠይቅበት መንገድ። አፑ "ይቺ ወንበር ክፍት ናት?" ብሎ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ በጄሰን (ፕሮግራሞች በሚያነቡት የጽሁፍ ቅርጽ) ይመልሳል፣ በቃ።

ዝግጅቶችን ማሳየቱ ቀላሉ ነው። የራሳችሁ ከሌለ ከሌላ መውሰድ ይቻላል፣ ለምሳሌ የትልቁ ትኬት ሻጭ የትኬትማስተር ዲስከቨሪ ኤፒአይ በመደበኛ ኪ (ስትመዘገቡ በሚሰጣችሁ መለያ ኮድ) በቀን 5000 ጥያቄ፣ በሰከንድ ደሞ 5 ይፈቅዳል። ስለዚህ ፔጁ በተከፈተ ቁጥር እየሄዳችሁ አትጠይቁ፣ አንዴ ያመጣችሁትን ካሽ አድርጉት፣ ማለትም እናንተው ጋ አስቀምጡት።

አሁን ዋናው ነገር። ሁለት ሰው አንድ ወንበር እኩል ክሊክ ቢያደርግስ? ጀማሪ መጀመሪያ "ክፍት ነው ወይ" ብሎ ያያል፣ ከዛ "ተይዟል" ብሎ ይጽፋል፣ በሁለቱ መሀል ግን ክፍተት አለ፣ ሌላው ሰው የሚገባው እዛች ጋ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጓቸው፣ ዳታቤዙን "ክፍት ከሆነች ብቻ ያዛት" ብላችሁ በአንድ ትዕዛዝ እዘዙት፣ አንድ መስመር ተቀየረ ካላችሁ ወንበሯ የናንተ ናት፣ ዜሮ ካላችሁ ሌላ ሰው ቀድሟችኋል፣ ለተቀደመው ሰውዬ ኤችቲቲፒ 409 ("ግጭት አለ" የሚል የሰርቨር መልስ ቁጥር) ትመልሳላችሁ። የያዛችሁበትን ማብቂያ ሰዓት እዛው ከወንበሯ ጋር ጻፉት፣ 10 ደቂቃ በሉ፣ ሰዓቱም የሰርቨሩ ይሁን እንጂ የስልኩ አይሁን፣ የስልክ ሰዓት ማንም ይቀይረዋል። የክፍያውን ጊዜ ደሞ ከዛ አሳጥሩት፣ አለበለዚያ ሰውዬው እየከፈለ ወንበሯ ለሌላ ትለቀቅና ጭቅጭቁ እናንተ ጋ ይመጣል። ዘግይቶ የገባ ክፍያ ካለ እንደገና ለመያዝ ሞክሩ፣ ካልሆነ ያለምንም ጥያቄ ሪፈንድ።

ክፍያ ላይ ዋጋውን ከብራውዘር አትቀበሉ፣ ሰርቨሩ ራሱ ያስላው። ብዙ የክፍያ ኤፒአይ ገንዘቡን በሳንቲም ነው የሚፈልገው፣ 50.75 ማለት 5075 ነው፣ ይሄን ረስቶ የዋጋውን አንድ መቶኛ ብቻ ያስከፈለ ሰው አለ (እኔ አይደለሁም 😅)። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰው ሁለቴ ይጫናል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኦርደር ጋር አንድ ልዩ ቁጥር ላኩ፣ ኢደምፖተንሲ ኪ ይሉታል፣ ያው ቁጥር ድጋሚ ከመጣ የክፍያው ድርጅት የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል እንጂ ሁለቴ አይቆርጥም።

ከፋዩ "ተሳክቷል" የሚለው ፔጅ ላይ ሲደርስ ግን ትኬት እንዳትሰጡ! እኔ አንዴ እንደዛ ሰርቼ አንዱ ከፍሎ ታቡን ዘጋውና ትኬት ሳያገኝ ቀረ፣ ሌላው ብልጥ ደሞ ሳይከፍል ሊንኩን ራሱ ጻፈና በነፃ አገኘ። ማመን ያለባችሁ ዌብሁኩን ነው፣ ማለትም የክፍያው ድርጅት ሰርቨር እናንተ ሰርቨር ላይ የሚልከውን መልዕክት፣ እሱንም ፊርማውን (ከድርጅቱ መምጣቱን የሚያሳየውን ኮድ) አረጋግጣችሁ። ቶሎ 200 ("ደርሶኛል" የሚል መልስ) መልሱና ስራውን በኋላ ስሩት፣ መልስ ካላገኘ ደጋግሞ ይልካል፣ የክፍያው ድርጅት ስትራይፕ ለምሳሌ እስከ 3 ቀን ይሞክራል። ያው መልዕክት ሁለቴ ቢመጣ ሁለት ትኬት እንዳይወጣ የመልዕክቱን መለያ መዝግቡ።

ትኬቱ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ውስጥ ስምና ስልክ አትክተቱ፣ ማንም የማይገምተው ረጅም ኮድ ይበቃል። ስክሪንሾት አንስቶ ለአምስት ጓደኛ መላክ ስለሚቻል የመጀመሪያው ስካን ትኬቱን "ገብቷል" ማድረግ አለበት። በር ላይ ኢንተርኔት ከሌለ ዝርዝሩን ቀድማችሁ ስልኮቹ ላይ አውርዱ፣ ግን ሁለት በር ካለ አንዱ ሌላኛው ያስገባውን አያውቅም፣ እንደዛ ከሆነ ትኬቶቹን በበር መከፋፈል ነው የሚሻለው።

ግርግርስ? እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ኖቬምበር የዘፋኟ የቴይለር ስዊፍት ትኬት ሲለቀቅ ትኬትማስተር 3.5 ቢሊዮን ጥያቄ እንደደረሰው ተናግሯል፣ እናንተ ጋ እሱን ያህል አይመጣም፣ ግን ወረፋ ማስያዣ አዘጋጁ፣ ለሚያጣድፈው 429 ("ጥያቄ አበዛህ" የሚል መልስ) መልሱለት፣ አፑም 429 ሲያይ ወዲያው ሳይሆን እየቆየ እየቆየ ይሞክር።

ሽያጭ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ወንበር ላይ በአንዴ 200 ጥያቄ የሚልክ ስክሪፕት ጽፋችሁ አሩጡት፣ አንዱ "ተሳክቷል" የሚለውን የ200 መልስ አግኝቶ የቀሩት 199ኙ 409 ካገኙ ክፈቱ፣ ሁለት ሰው ካገኘ ግን ወደ ሶስተኛው አንቀጽ ተመለሱ።