ውሃው፣ ቆሮሶውና ዘላዩ ዲኤንኤ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ በጥቁር ፌስታል አራት ቆሮሶ፣ ማለትም የናይል ቲላፒያ ዓሣ፣ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የውሃው ሙቀት ዲኤንኤያቸውን እያዘለለው እንደሆነ ላጠና ነው» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። በገዛ ሐይቃችን ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ልጅ በየቀኑ አይገኝም። ግን ፌስታሉን ስከፍት የአንዱ ዓሣ ዓይን ደፍርሷል። ያ ዓሣ ለጥያቄው መልስ እንደማይሰጥ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን። የዚያን ቀን ወሬያችንን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? በማንኛውም እንስሳ ዲኤንኤ ውስጥ ቦታ መቀየር የሚችሉ ቁርጥራጮች አሉ። ትራንስፖዞን ይባላሉ። አንዳንዶቹ ካሉበት ተቆርጠው ሌላ ቦታ ይሰካሉ። ሌሎቹ በአርኤንኤ (ሴሉ ከዲኤንኤ ላይ በሚገለብጠው ቅጂ) ተገልብጠው ቅጂያቸውን ሌላ ቦታ ያስገባሉ። ባርባራ ማክሊንቶክ በቆሎ ላይ አግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ኖቤል ተሸልማበታለች። ሴሉ አብዛኛውን ጊዜ አፍኖ ይይዛቸዋል። ውሃው ሲሞቅ፣ ኦክስጅን ሲያንስ፣ መርዛማ ብረት ሲገባ ዓሣው ይጨነቃል። ያኔ አፈናው ሊላላ ይችላል።

ውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ዲኤንኤ ጋር ማምታታት

ይሄ ቶሎ የሚታረም ነው። ዓሣ ከቅርፊቱ፣ ከልጋጉና ከዓይነ ምድሩ ዲኤንኤ ወደ ውሃው ይለቃል። ተመራማሪዎች ውሃ ቀድተው የትኛው ዓሣ እዚያ እንዳለ የሚያውቁት በዚያ ነው። እኛ የምናወራው ግን ከሴሉ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ቦታ ስለሚቀይረው ነው።

«ቆሻሻ ዲኤንኤ» ብሎ መናቅ

ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ የወንዝ ዓሣ ከዲኤንኤዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከትራንስፖዞን የመጣ ነው። ፉጉ በሚባለው የሚነፋ ዓሣ ውስጥ ደግሞ ከ10 በመቶ በታች ነው። ሁለቱም በደህና ይኖራሉ። አንዳንዱ ቁራጭ ጂን አጠገብ ተቀምጦ ጂኑን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ይነካካዋል። የማይጠቅም ነው ብሎ የጀመረ ሰው ይሄን ሳያይ ያልፋል።

አርኤንኤ ስለታየ ዘለለ ማለት

ከሁሉም በላይ የማዝንበት ስህተት ይሄ ነው። ጎበዝ የሆኑ ሰዎችም ይሠሩታል።

ሬይንቦው ትራውትን ውሰዱ። በባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ዓሣው መርዝ፣ ጭንቀትና የባክቴሪያ ንጥረ ነገር ሲያጋጥመው ቲሲ1 የሚባሉት ትራንስፖዞኖች አርኤንኤ መጠን እንደሚለዋወጥ አሳይቷል። ይሄን ያነበበ ሰው «ውሃው ሲበከል ዲኤንኤው ይዘላል» ብሎ ቢደመድም አይገርመኝም። ግን በሳልሞን ዘመዶች ውስጥ የሚገኙት የቲሲ1 ቅጂዎች ድሮ የሞቱ ናቸው። ለመዝለል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን መሥራት አይችሉም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1997 ሳይንቲስቶች ከእነዚህ የተሰባበሩ ቅጂዎች አንድ የሚሠራ መልሰው ገጣጥመው «ስሊፒንግ ቢዩቲ» ብለው ሰይመውታል።

ታዲያ የሞተ ነገር እንዴት አርኤንኤ ይሰጣል? ብዙ ጊዜ ቁራጩ የተቀመጠው ሌላ ጂን ውስጥ ወይም አጠገቡ ነው። ጂኑ በጭንቀት ምክንያት ሲነሳ ቁራጩም አብሮ ይገለበጣል። ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር ሲንተከተክ ሰማችሁ ማለት ጀልባው ከችካሉ ተፈቷል ማለት አይደለም።

መዝለሉን ለማወቅ አዲሱን የተሰካበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ጥሩ ምሳሌ አለ። ሜዳካ በጃፓን የሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። ቀለም የሌለው አንድ ሜዳካ ተገኘ። ሲመረመር ቀለም የሚሠራው ጂን መሀል አንድ ቁራጭ ተሰክቶ ጂኑን አበላሽቶታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ የሆነው ቶል2 የሚባለው ትራንስፖዞን እሱ ነው። እሱን ዘለለ ማለት ይቻላል፤ የገባበት ቦታ በጣት ይጠቆማል።

ውሃውን አንድ ጊዜ ለክቶ መጨረስ

«የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባበት ዳርና መሀሉ አንድ አይደሉም። ሰዓቱም ለውጥ አለው። ቀን አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል። ሌሊት እሱም ዓሣውም ሌላውም ሁሉ ይተነፍሳል። ስለዚህ ኦክስጅን ሊነጋ ሲል በጣም ይወርዳል፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል። ተማሪዬ የለካው አምስት ሰዓት ላይ ብቻ ነበር። ዓሣውን የጨነቀው የሌሊቱ ውሃ ቢሆንስ?

ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ጨው፣ ብረት ለየብቻ መታየት አለባቸው። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለቱን ካልለያችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ለዚህ ነው ከሐይቁ በተጨማሪ ገንዳ የሚያስፈልገው። እዚያ አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን ባለበት ማቆየት ይቻላል።

የገበያ ዓሣ ለናሙና መግዛት

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። ያ ቆሮሶ ሌሊት መረብ ውስጥ ታግሏል። ከዚያ ታፍኖ ሞቷል። ከዚያ ጀልባ ላይ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እያዩት ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። አርኤንኤ በሙቀት ቶሎ ይበጣጠሳል። የቀረውም የሚናገረው ስለ መረቡና ስለ መታፈኑ ነው። ዓሣው ከውሃ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ጉበቱ ወጥቶ ማቆያ ፈሳሽ ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት።

ጾታውም ይመዝገብ። የናይል ቲላፒያ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 36 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ከቆየ ወደ ወንድነት ያዘነብላል። ሞቃቱ ገንዳ በወንዶች ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ያኔ የሙቀት ውጤት ነው ያላችሁት የጾታ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ዝምድናን ረስቶ ሁሉን ለውሃው መስጠት

እ.ኤ.አ. በ2018 የ52 ዓሣ ዝርያዎችን ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤ) ያነጻጸረ ጥናት ወጥቷል። ተቆርጠው የሚዘሉት ትራንስፖዞኖች በጨው አልባ ውሃ በሚኖሩት ላይ በዝተው ተገኝተዋል። ቆንጆ ግኝት ነው። ግን በጨው አልባ ውሃ የሚኖሩት አምባዛ፣ ካርፕና ዜብራፊሽ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከአያታቸው የወረሱት ይሁን ውሃው ያመጣው በቁጥሩ ብቻ አይለይም።

ጉበት ላይ የሆነውን ለልጅ ማውረስ

ጉበት ውስጥ የዘለለ ቁራጭ ከዓሣው ጋር ይሞታል። ለልጅ የሚተላለፈው እንቁላል ወይም የወንዴ ዘር ውስጥ የሆነው ነው። እዚያ ደግሞ ጥበቃው ጠንካራ ነው። ፒዊ የሚባሉ ፕሮቲኖች ትንንሽ አርኤንኤ ይዘው ትራንስፖዞኖቹን እያሳደዱ ያፍናሉ። ስለ ዘር ማውራት የፈለገ ጉበቱን ትቶ ወደ እንቁላሉ ይሂድ።

አጠገባችን የዓሣ ሾርባ የሚሸጡ እናት ወሬያችንን ሲሰሙ ቆይተው «ታዲያ ልጄ፣ ይሄ ዓሣ ይበላል?» አሉት። ይበላል እናቴ። የዘለለውም ያልዘለለውም ዲኤንኤ ሆድ ውስጥ እኩል ይፈጫል። የብረት ብክለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚለካውም በሌላ መንገድ ነው።

ተማሪዬ አራቱን ቆሮሶ ለእሳቸው ሰጣቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይነጋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ጀልባ ላይ ነበር። ቴርሞሜትሩን በሲባጎ አስሮ ወደ ታች እየለቀቀ፣ በየሜትሩ የሚያነበውን ቁጥር ለጀልባው ልጅ እያስጻፈ።