ክሪኬት በሐዋሳ፦ ከቡድኑ ገንዘብ ያዥ

ከሜዳ በፊት ናስትሮ ግዙ። የቆዳው ኳስ 160 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ያለ መከላከያ ጥርስ ያረግፋል፤ የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ግማሹን ብቻ ከጠቀለላችሁት አየር ላይ ይታጠፋል፤ መቺው ይራገማል፣ እኛ እንስቃለን። ናስትሮው ሲላላ ልጣችሁ በአዲስ ተኩ።

ለዊኬት፣ ማለትም ወርዋሪው ለሚያነጣጥርበት የእንጨት ዒላማ፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ባሕር ዛፍ በየጫፉ ሦስት ሦስት፣ ከመሬት በላይ 71 ሳንቲሜትር። በሁለቱ ዊኬቶች መካከል 20 ሜትር ለኩ።

መዋጮ ከጨዋታ በፊት! በኋላማ ሁሉም ባጃጅ ይጠብቀዋል። ኳስ ሐይቁ ዳር ቄጠማ ውስጥ የከተተ ራሱ ያውጣ፤ አባ ኮዳ ወፎቹ አያቀብሉም። ዳኛ? ብዙ የማይጮኸውን ሹሙ።

እስከ አምስት ቀን በሚፈጀው የአገሮች ግጥሚያ፣ በቴስት ክሪኬት እንኳ የ20 ደቂቃ የሻይ እረፍት አለ፤ እናንተም አትዝለሉት። ፔርሙዝ የማምጣት ተራው የማን እንደሆነ ግን ደብተር ላይ ይስፈር፤ አለዚያ ሁሌ እኔው ነኝ።