ዓሣ ነባሪና ሻርክ ያለበት የጠላቂ ሰዓት፦ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንያዘው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሰዓት እጠግናለሁ። ከውጭ ዘመድ የሚላክ የጠላቂ ሰዓት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ለሚጠልቁ ሰዎች የተሠራ ሰዓት፣ ይዞ የሚመጣ ሰው በዝቷል። እኔ በጣም የምወዳቸው የባሕር እንስሳት ያለባቸውን ነው። የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ሴኮ «ሴቭ ዘ ኦሽን» (ባሕርን አድን) የሚለውን ልዩ እትም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በቀጣዩ ዓመት የነጭ ሻርክ ክንፍ፣ በ2020 ደግሞ ማንታ ሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ሰዓቱ ፊት ላይ ወጡ። የስዊዘርላንዱ ኦሪስም በዚያው ዓመት ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ሻርክ ነጠብጣብ ቆዳ ሰዓት ላይ አሳርፏል።

ሰዓቱ እጃችሁ ሲገባ ከሥዕሉ በፊት ጽሑፉን እዩ። «ዳይቨርስ 200 ሜትር» የሚልና «ዋተር ረዚስታንት» (ውሃ ይቋቋማል) ብቻ የሚል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አይኤስኦ 6425 የተባለውን የጠላቂ ሰዓት ደረጃ ማሟላት አለበት። መስታወቱ ዙሪያ ያለውን የሚዞር ቀለበትም ሞክሩት፤ ጠላቂው ውሃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ የሚቆጥርበት ነው። ወደ ግራ ብቻ መዞር አለበት። ጠላቂው ውሃ ውስጥ ቢነካው ያለፈው ጊዜ የበዛ ይመስላል እንጂ አያንስም፤ አየር ሳያልቅበት ይወጣል። ወደ ሁለቱም የሚዞር ከሆነ ተጠራጠሩ።

አሁን ሰዓቱን እንሙላ። ጎን ያለችው መሙያ በክር የተዘጋች ናት፤ ወደ ግራ አዙራችሁ ፍቱ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳቡና ቆጣሪዎቹን ወደፊት አዙሩ። 12 ላይ ሲደርሱ አንዳንዴ ሰዓቱ ፊት ላይ ያለው የቀን ቁጥር ይቀየራል፣ አንዳንዴ አይቀየርም። የተቀየረበትን 12 «ንጋት» ብላችሁ ያዙ፤ የእኛ ቀን የሚጀምረው ያኔ ነው። ከእሱ ተነስታችሁ አሁን ወዳለው ሰዓት ሂዱ። ማታ ከሆነ 12ን አንዴ ማለፍ አለባችሁ። ይህን ያላደረገ ሰው ነው «ቀኑ ማታ 12 ላይ ይቀየርብኛል» እያለ የሚመጣው። ሰዓቱ ግን ጤነኛ ነው።

ቀኑን ለብቻ ማስተካከል ስትፈልጉ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አትንኩት። ጥርሶቹ ቀኑን ለመቀየር የተያያዙት ያኔ ነው፤ ብታስገድዱት ይሰበራሉ። እኩለ ቀን ላይ አድርጉት። ሰዓቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ የእኛ ወር በ30 ሲያልቅ በማግስቱ አንድ ቀን ወደፊት ግፉት። ለጳጉሜ ግን ብዙ መግፋት አለ፤ መስከረም 1 ላይ ሰዓቱ 6 ወይም 7 ይላል።

ስትጨርሱ መሙያዋን ገፋ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አጥብቁ። ይህን አደራ እላለሁ! ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። 200 ሜትር የሚችል ሰዓት ውሃ የሚያስገባው ጥልቀት በዝቶበት ሳይሆን መሙያዋ ክፍት ቀርታ ነው። ለዚያ ደግሞ ታንኳ ላይ እጅ መታጠብም ይበቃል።

ሐይቁ ጨው የለውም፣ ጭቃ ግን አለው። ከዋና በኋላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ቀለበቱን እያዞራችሁ። ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ሰዓቱ ውስጥ ያለውን ውሃ የሚከለክል ጎማ ይጎዳሉ። መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካሳየ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቶሎ ሰዓት ሠሪ ይክፈተው። ጀርባው በተከፈተ ቁጥር ጎማው እንዲቀየርና በግፊት እንዲፈተሽ ጠይቁ።

ቀለበቱ ለማይጠልቅ ሰውም ይጠቅማል። ጀልባው ወደ ዘጌ ሲነሳ ባለሦስት ማዕዘኗን ምልክት የደቂቃው ቆጣሪ ላይ አድርጉ። ስንት ደቂቃ እንደሄዳችሁ ቀለበቱ ላይ ታነባላችሁ።

አንድ ምኞት አለኝ። ከእነዚህ ልዩ እትሞች ገቢ ለባሕር ጥበቃ የሚውል አለ። በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚወጣው ነጭ ዓሣችንም፣ ከዓለም ጣና ላይ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ያሉት፣ አንድ ቀን ሰዓት ላይ ቢወጣ እወዳለሁ። ገቢውም ለእሱ መጠበቂያ ቢውል።