የፌዴራል ብርና የከተማችን ፖሊስ፦ ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

«ትራምፕ ብሩን ይቁረጥባቸው፣ ያኔ ልክ ይገባሉ።» «ባይደን ያን ሁሉ ብር ሲሰጥ ፖሊሱን ለምን አላስተካከለም?» ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡና ላይ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ተከራካሪዎቹ በፖለቲካ አይስማሙም፤ ስህተታቸው ግን አንድ ነው፦ የፌዴራል መንግሥቱ በብሩ የከተማ ፖሊስን እንደፈለገ ያዛል ብለው ያስባሉ።

«ፖሊስ ከላይ ይታዘዛል»

ይህን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። እዚያ ብዙ ክልሎች የሚተዳደሩት በፌዴራል ድጎማ ስለሆነ «መንግሥት» ስንል አንድ አካል ይታየናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስና የሸሪፍ (የካውንቲ ፖሊስ) መሥሪያ ቤቶች አሉ። አብዛኞቹ ተጠሪነታቸው ለከተማ፣ ለካውንቲ ወይም ለስቴት ነው። በፈረንጆቹ 1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአካባቢ ሸሪፎችን የሽጉጥ ገዢዎችን ታሪክ እንዲያጣሩ ማስገደድ አይቻልም ብሎ ወሰነ። ማዘዝ ካልተቻለ የሚቀረው በብር ማባበል ነው። (ዲሲ ስቴት ስላልሆነች ለየት ትላለች። በ1973ቱ ሕግ ፕሬዚዳንቱ የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን መጠቀም ይችላል። ኦገስት 2025 ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው።)

«ብሩ ከተቆረጠ ፖሊስ ይፈርሳል»

አይፈርስም። የፖሊስ ደመወዝ በአብዛኛው የሚወጣው ከአካባቢው ግብር ነው። ቺካጎ በ2017 ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተካሰሰችበት ግራንት (ለአካባቢ ፖሊስ የሚሰጥ የማይመለስ ድጎማ)፣ ቢርን ጃግ የሚባለው፣ ለከተማዋ የሚያስገኘው 2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። የፖሊሷ ዓመታዊ በጀት ግን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ማስፈራሪያው ትልቅ ከተማ ላይ ብዙም ጉልበት የለውም። ጉልበቱ የሚታየው ሁለት ተጨማሪ ፖሊስ በግራንት የምትቀጥር ትንሽ ከተማ ላይ ነው።

«ሰጪው የፈለገውን ይጠይቃል»

ትልቁ ስህተት ይሄኛው ነው። በ1984 ኮንግረስ የመጠጥ ዕድሜን 21 የማያደርግ ስቴት ከመንገድ በጀቱ ጥቂት በመቶ ይቀነስበታል አለ። ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፣ በ1987 ተሸነፈች። ፍርድ ቤቱ ግን ሲፈቅድ ገደብም አበጀ። ግዴታው አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት። ከገንዘቡ ዓላማ ጋር መያያዝ አለበት። እጅ መጠምዘዝም መሆን የለበትም። በ2012 የሜዲኬድ (የድሆች ጤና መድን) ጉዳይ ላይ ይኸው የመጨረሻው ነጥብ ኮንግረስን ጣለው፤ ያለውን ሁሉ እቆርጣለሁ ማለት ምርጫ መስጠት አይደለም ተባለ።

አሁን ወደ ቺካጎ እንመለስ። የትራምፕ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጄፍ ሴሽንስ ግራንቱ ላይ አዲስ ግዴታ ጨመሩ፦ የፌዴራሉ የስደተኞች ፖሊስ ወደ ከተማው እስር ቤት መግባት ይፈቀድለት፣ ስደተኛ ከመፈታቱ በፊትም ይነገረው የሚል። ከተማዋ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ላይ በ2018 አሸነፈች። ቁም ነገሩ ግዴታው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው አልነበረም። ጥያቄው «ማን ጻፈው?» ነበር። የብሩን ቦርሳ የያዘው ኮንግረስ ነው፣ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥልጣን ለዋና ዐቃቤ ሕጉ አልሰጠም። (ኒው ዮርክ ያለው ይግባኝ ሰሚ በ2020 የተለየ ውሳኔ ሰጥቷል። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ጨርሶታል» የሚላችሁን አትመኑ።)

«ይህን የሚያደርገው ያኛው ፓርቲ ነው»

ሁለቱም ያደርጉታል። ትራምፕ በጁን 2020 ባወጡት ትዕዛዝ፣ የፌዴራል ግራንት የሚፈልግ ፖሊስ መግደል ከሚፈቀድበት ሁኔታ ውጪ አንገት ማነቅን እንዲከለክል ጠየቁ። ዴሞክራቶች ያቀረቡት፣ በ2020 በፖሊስ በተገደለው ሰው ስም የተሰየመው የጆርጅ ፍሎይድ ረቂቅ ሕግም ያንኑ መንገድ ይዞ ነበር፤ በ2020 እና በ2021 የተወካዮች ምክር ቤትን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። ዛሬ የምናጨበጭብለት ዱላ ነገ የማንወደው ሰው እጅ ይገባል።

ሌላም መምታታት አለ። ባልቲሞርና ፈርጉሰን የሚባሉት ከተሞች ፖሊሳቸውን ለማሻሻል የገቡት ስምምነት በግራንት የመጣ አይደለም። በ1994ቱ ሕግ መሠረት የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከሚመሠርተው ክስ የመጣ ነው። ብር ቢቆምም ባይቆምም ዳኛው ይከታተለዋል።

ቅጣቱን እያዩ ማባበያውን መርሳት

ጩኸት የሌለበትን ገንዘብ ማንም አያይም። ፖሊስ ከፌዴራል መርማሪዎች ጋር ሆኖ ከወንጀል ጋር ተያይዟል ብሎ ከወረሰው ንብረት እስከ 80 በመቶ ሊደርሰው ይችላል። ስቴቱ ንብረት መውረስን በሕግ ቢያጠብቅ እንኳ በዚህ በር መውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ማንም አላስገደደም፣ ማንም አልፎከረም፣ የፖሊሱ ሥራ ግን ተቀየረ።

ይህን ለመከታተል የግድ ዋይት ሐውስን ማየት አያስፈልግም። የቢርን ጃግ ሕግ ከተማው ማመልከቻውን ከማስገባቱ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ለከተማው ምክር ቤት እንዲያቀርበውና ነዋሪም አስተያየት የሚሰጥበት ዕድል እንዲኖር ያዛል። አጀንዳው የከተማው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ነው።