አዲስ የደመወዝ ስኬል በማዘጋጃ ቤት ሲተገበር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ጣሪያው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። ስኬሉ ከላይ ተወስኖ የሚወርድ ነው፤ ሠራተኛው ፍትሕ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው እዚሁ ድሬዳዋ፣ የሰው ሀብት ክፍል በሚሠራው ድልድል፣ ማለትም እያንዳንዱን ሠራተኛ በአዲሱ ስኬል ላይ በደረጃና በእርከን በማስቀመጥ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሥራ መደቡን ሳይመዝኑ፣ ሠራተኛው እስካሁን ያገኝ የነበረውን ደመወዝ ብቻ አይቶ በአዲሱ ስኬል ላይ ወደሚቀርበው ቁጥር ማስጠጋት ነው። በዚህ አሠራር የትናንቱ በደል እንዳለ ወደ ዛሬ ይሻገራል። በማኅደር ላይ «የጽዳት ሠራተኛ» የሚለው አንድ መጠሪያ፣ ቢሮ ውስጥ ወለል የሚወለውለውንም፣ በቀፊራ ገበያ አካባቢ በጠራራ ፀሐይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገብቶ ደለል የሚያወጣውንም እኩል ይሸፍናል። የ1998 ዓ.ም. የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ የከተማችን ሰው የሁለተኛው ሥራ ምን ያህል ከባድና አስፈላጊ እንደሆነ አያጣውም። ስለዚህ መዛኙ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ሄዶ የሚጠይቀውን ዕውቀት፣ ኃላፊነት፣ ድካምና የሥራ አካባቢውን ሁኔታ በዓይኑ አይቶ መመዝገብ ይኖርበታል።

ሌላው የአገልግሎት ዘመንን ዘንግቶ ነባሩን ከአዲስ ተቀጣሪ ጋር ማስተካከል ነው። በ2017ቱ ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ጣሪያው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ በማለቱ፣ በመካከል ያሉት ደረጃዎች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ነበር። ድልድሉ ከመጽደቁ በፊት በአንድ መደብ ላይ ያሉትን ሠራተኞች በአገልግሎት ዓመት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ጽፎ ማየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ የጠፋው ያልተያዘ የእርከን ጭማሪ (በዚያው ደረጃ ውስጥ ከፍ የሚል ደመወዝ) ስላለ ከሆነ ማረም፣ ከራሱ ከመመሪያው የመጣ ከሆነ ደግሞ ለበላይ አካል በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። በአንድ የድልድል ወቅት አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፌስታል ፈተው፣ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ የሳሳ የቅጥር ደብዳቤ አወጡና «ልጄ፣ ይኼ አይቆጠርም እንዴ?» አሉኝ። በዝውውር ከመምጣታቸው በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት ያገለገሉት አራት ዓመት እኔ ባዘጋጀሁት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የማኅደሩን ማጠቃለያ አይቶ ሳይፈርም ዝርዝር አላጸድቅም።

ያልተጣራውን ደመወዝ ብቻ መንገርም ብዙ ቅሬታ ያስነሳል። ደመወዙ ከ6,940 ወደ 11,500 ያደገለት ሠራተኛ 4,560 ብር ተጨመረልኝ ብሎ የቤት ኪራዩን ሊያስብ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የግብር ምጣኔ መሠረት ግን ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ (7 በመቶ) ተቀንሶ 8,595 ብር ይደርሰዋል። በዚያው ምጣኔ የቀድሞው ደመወዝ የተጣራ 5,566.20 ብር ስለነበር፣ እጁ ላይ የሚገባው ጭማሪ 3,028.80 ብር ብቻ ነው። ይህ ስሌት ከደብዳቤው ጋር ቢሰጠው ገንዘቤ ተቆረጠ ብሎ አይጠራጠርም። በጀት የሚይዘው ክፍልም በበኩሉ የአሠሪውን 11 በመቶ መዋጮ መዘንጋት የለበትም፤ በዚህ ጭማሪ ላይ ብቻ ለአንድ ሠራተኛ በወር 501.60 ብር ይሆናል።

በመጨረሻም ዝርዝሩን በአማርኛ ብቻ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ እንደ ማሳወቅ ሊቆጠር አይገባም። በጥበቃና በጽዳት ሥራ ላይ ካሉት ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነው፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ። ስለዚህ በየሥራ ቦታቸው ተሰብስበው በሚገባቸው ቋንቋ በቃል ሊነገራቸውና ሊጠይቁ ይገባል። ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜም ፔሮል ከመዘጋቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይከፈት፤ መልሱም የተሰጠው ደረጃና እርከን ከነምክንያቱ ተጠቅሶ ለአመልካቹ በጽሑፍ ይድረሰው።