ለጀርመን ገዢ የምትሰፉ ሠራተኞች አቤቱታችሁን እንዴት ታቀርባላችሁ?

እዚህ የሰፋችሁት ሸሚዝ ጀርመን ሱቅ ውስጥ የሚሰቀል ከሆነ፣ ያልተከፈላችሁ ኦቨርታይም የፋብሪካው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ገዢውንም ይጠይቃል። ከ2024 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሠራተኛ ያላቸውን ኩባንያዎች ይመለከታል።

መጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ እወቁ። ሱፐርቫይዘሩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ አንገቱ ላይ የሚሰፋውን ሌብልና የማሸጊያውን ካርቶን ተመልከቱ። ስልክ በተከለከለበት ቦታ ፎቶ አታንሱ፤ የመባረሪያ ሰበብ ይሆናል። ስሙንና የትእዛዝ ቁጥሩን በቃላችሁ ይዛችሁ ማታ ቤት ጻፉት።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስታወሻው ነው። «ተበደልን» ብቻ የሚል ደብዳቤ የትም አይደርስም። በየቀኑ ደብተር ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30 ገባሁ፣ ማታ 2፡30 ወጣሁ፣ ምሳ 1 ሰዓት፣ ኦቨርታይም 4 ሰዓት።» ወሩ ሲያልቅ ድምሩን ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው በሥራ ቀን አንድ ተኩል፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው፤ ሌሊት ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ 1.75 ይደርሳል።

ከዚያ ለገዢው ኩባንያ አቅርቡ። የጀርመኑ ሕግ የአቤቱታ መቀበያ እንዲኖረውና አሠራሩን በይፋ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል፤ ድረ ገጹ ላይ ፈልጉት። አቤቱታው መድረሱን ሊያረጋግጥላችሁ፣ ጉዳዩንም ሊያነጋግራችሁ ይገባል። ስማችሁም በምስጢር መያዝ አለበት። ሆኖም በአንድ ላይን ላይ የሚሠራ ሰው ከዝርዝሩ ብቻ ይታወቃልና፣ ለብቻ ከመጻፍ ብዙ ሆናችሁ ወይም በማኅበራችሁ በኩል ብታቀርቡ እመክራለሁ።

ኩባንያው ዝም ካለ ባፋ የሚባል የጀርመን የኢኮኖሚና የወጪ ንግድ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አለ። በእንግሊዝኛም መጻፍ ይቻላል። ጉዳቱ በራሳችሁ ላይ መድረሱን በዝርዝር ካሳያችሁ ጉዳዩን መመርመር ግዴታው ነው፤ ኩባንያውን ማዘዝም መቅጣትም ይችላል።

ቅጣቱ ግን የጀርመን መንግሥት ካዝና ውስጥ ነው የሚገባው። የእናንተን ገንዘብ የምታስመልሱት እዚሁ፣ በሥራ ክርክር ነው። የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል፤ የጀርመኑን መልስ እየጠበቃችሁ የአገር ቤቱን ክስ አታዘግዩ።