ሰማያዊ ስክሪን ሲያስቸግር፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

የአንድ ጓደኛዬ ላፕቶፕ በቀን ሁለት ሦስቴ ሰማያዊ እየሆነ ይጠፋበት ነበር። ጥገና ቤት ወሰደው፤ ፎርማት ተደረገለት። ሳምንት ሳይሞላው ያው ሆነ፤ አሁንም ፎርማት። የልጆቹ ፎቶ ሁሉ ሄደ፣ ሰማያዊው ስክሪን ግን ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ ለካ ከወር በፊት ያስጨመረው ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ዕቃ) ኖሯል። ነቅለን ስናወጣው ላፕቶፑ አደብ ገዛ።

ሰማያዊ ስክሪን የሚመጣው ዊንዶውስ ሊያልፈው የማይችለው ስህተት ሲገጥመውና ሌላ ነገር ከሚበላሽ ብሎ ራሱን ሲያቆም ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያዎች ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፤ የምትሠሩት ግን ያው ነው። ኮምፒውተሩ በመሃል የሚሠራላችሁ ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሰነዶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ።

1. ኮዱን ያዙ። ስክሪኑ ግርጌ ላይ «ስቶፕ ኮድ» የሚል ጽሑፍ አለ። ኮምፒውተሩ ቶሎ ሪስታርት እያደረገ ማንበብ ከከለከላችሁ፣ በስታርት መፈለጊያ «ቪው አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ክፈቱ። «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ሥር «ሴቲንግስ»ን ተጭናችሁ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። በሚቀጥለው ጊዜ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «ዋት ፌይልድ» ከሚለው አጠገብ የፋይል ስም ካለ ደግሞ እሱ ከኮዱም ይበልጣል፤ ብዙውን ጊዜ የትኛው ድራይቨር (አንድን ዕቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) እንደሆነ ይጠቁማል። በሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን ብታደርጉ የሚወስዳችሁ ወደ አጠቃላይ የእርዳታ ገጽ ነው፤ ብዙ አትጠብቁበት።

2. በቅርቡ ምን ተቀየረ? ራም ተጨመረ? የፕሪንተር ድራይቨር ተጫነ? አፕዴት ገባ? አንቲቫይረስ ተለወጠ? እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ጥያቄ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ አድርጎ አየር መንገዶችንና ሆስፒታሎችን ሳይቀር አስተጓጉሏል። የኮምፒውተሮቹ ዕቃ ግን ጤነኛ ነበር፤ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ በሚነሳበት መንገድ) ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ይበቃ ነበር።

3. በሴፍ ሞድ ግቡ። «ሺፍት»ን ይዛችሁ «ሪስታርት»ን ተጫኑ። ዊንዶውስ ጨርሶ አልከፍት ካለ፣ ሊነሳ ሲል የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ አጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስቴ ስትደጋግሙ የጥገና ገጹ ራሱ ይመጣል። ከዚያ «ትረብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»፣ በመጨረሻም 4 ቁጥር። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራበት ኮምፒውተር 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል በስልካችሁ ገብታችሁ እዩ።

በሴፍ ሞድ ሰላም ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ወደ ድራይቨርና ፕሮግራም አዙሩ። «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ የተጠረጠረውን ዕቃ «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉት። ችግሩ ከአፕዴት በኋላ ከጀመረ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» አለ። በሴፍ ሞድም የሚጠፋ ከሆነ ግን ዕቃውን መመርመር ይሻላል።

4. ራሙን ፈትሹ። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ኮድ ካያችሁ፣ ወይም ኮዱ በየጊዜው እየተቀያየረ ካስቸገራችሁ፣ ከራሙ ጀምሩ። በስታርት መፈለጊያ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ አስጀምሩት። እሱ ምንም አላገኘም ማለት ግን ራሙ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ «ሜምቴስት 86» የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ የተሻለ ያሳያል። ሁለት ራም ካለ አንዱን ነቅላችሁ በአንዱ ብቻ ለጥቂት ቀናት ሥሩ፤ ከዚያ አቀያይሩ። ስትነቅሉ ቻርጀሩን አውጡ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም አውጡት፣ እጃችሁንም ብረት አስነኩ። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት የጥገና ሰዎች የቆየ ዘዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይነቀልም።

5. ሙቀትና ዲስክ። ጌም ወይም ቪዲዮ ሲከፈት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የግራፊክስ ድራይቨሩን አድሱ፤ ፋኑ አቧራ ጠጥቶ እንደሆነም እዩ። የዲስኩን ጤና «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» በነጻ ያሳያል። መብራት በድንገት እየሄደ በተደጋጋሚ ከጠፋባችሁ የዊንዶውስ ፋይሎች ተበላሽተው ሊሆን ይችላል። «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ኤስኤፍሲ፣ ባዶ ቦታ፣ ስላሽ፣ ስካንናው ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ካለ ጥገና ቤት ውሰዱት፤ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩ፣ የሞከራችሁትንም ንገሩ። ፎርማት የግድ ነው ከተባለም አንዴ ብቻ ይደረግ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም ሳትጭኑበት ሰማያዊው ተመልሶ ከመጣ ለሁለተኛ ፎርማት አትክፈሉ፤ ክፈቱና ዕቃውን እዩልኝ በሉ።